ከነሐሴ እስከ መስቀል፦ የድሬ ልጆች እንቅልፍ

(ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን የሥራ ባልደረቦቼ። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሙቀት ስትሠሩ ውላችሁ፣ አረፍ በምትሉበት ሰዓት እዚህ መጥታችኋልና ከልብ አመሰግናለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የምንነጋገረው ስለ ደብተር፣ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ቦርሳና ስለ ክፍያ ነው። እውነት አለን፤ የነሐሴ ደመወዝ በግም ዩኒፎርምም፣ ዶሮም መመዝገቢያም ሁኚ የምትባል ደመወዝ ናት። ዛሬ ግን ማንሳት የፈለግሁት ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ የልጆቻችንን እንቅልፍ። ብዙ ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬአለሁ። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋ ልጅ ሲታይ መምህሩም ወላጁም «ሰነፍ» ይለዋል። ያ ልጅ ግን ሐምሌንና ነሐሴን በእኩለ ሌሊት ሲተኛ ከርሞ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ በንጋት ተቀስቅሶ የመጣ ነው። ሰውነቱ ገና ሌሊት ላይ ነው ያለው። እናንተን በንጋት 10 ሰዓት ቀስቅሶ ሒሳብ ሥሩ የሚል ሰው ቢመጣ ስንቶቻችሁ ትሠራላችሁ?

ከተማችንን እናውቃታለን። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሐረር ወደ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከቀትር በኋላ ሱቁም ሰውም ያርፋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከተማው እንደገና ይነጋል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ ሁሉም ደጅ ይወጣል። ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠበሰው ያኔ ነው፣ ዘመድ የሚጠየቀው ያኔ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ያኔ ነው። ቤት ውስጥ መግባት አይቻልም፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ይተፋዋል። ስለዚህ ምንጣፍ ግቢ ውስጥ ይነጠፋል፣ ትልልቁ ሰው ይጫወታል፣ ልጁም አብሮ ያመሻል። ይህ የድሬ ኑሮ ነው፤ እወደዋለሁ፣ ልጆቻችን ከሰው ጋር መኖርን የሚማሩትም እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ይቅር አልልም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ብዙዎቻችሁ ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወጥታችሁ ነበር። ሌሎቻችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ለክረምት አያቶቻቸው ዘንድ፣ ሐሮማያ ወይም ሒርና ወይም ጉርሱም ትልካላችሁ። ያ ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዓይኑን የማይከድን ልጅ እዚያ ምን ይሆናል? ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እራቱን በልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ከብቶቹ ሲወጡ እርሱም ይወጣል። ማንም አልተቆጣውም። ድሬ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ቀድሞው ማምሸቱ ይመለሳል። ልጁ ያው ልጅ ነው። የተለወጡት ሙቀቱ፣ መብራቱና የቤቱ ልማድ ናቸው። እኔ እንግዲህ የምለው ይህንን ነው፦ ልጁን ከመቆጣታችን በፊት የቤታችንን ምሽት እናስተካክል፤ ይህንንም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ከዛሬ እንጀምር።

ስንት ሰዓት መተኛት አለበት ለምትሉኝ፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በፈረንጆቹ 2016 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያወጣው ምክር አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ትምህርት 2 ሰዓት ላይ ከተጀመረ፣ ተጣጥቦና ቁርስ በልቶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ለመውጣት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለበት። የሰባት ዓመት ልጅ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንዲተኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወስዶት መሆን አለበት ማለት ነው። ያ ደግሞ እኛ ገና እራት የማናቀርብበት ሰዓት ነው።

ከእኩለ ሌሊት ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ማምጣት እንቅልፉን በሦስት ሰዓት ማስቀደም ነው። በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ምክንያቱም የሰው ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። ያ ሰዓት ሳይንሱ እንደሚለው ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች የሚረዝም ነው። ስለዚህ ማምሸት ለአብዛኞቻችን ይቀለናል፣ ቀድሞ መተኛት ይከብደናል። ሰዓቱን በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ያስቀድመዋል፣ የማታ ብርሃን ያዘገየዋል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን በግድ በጊዜ ሊያስተኛ ይታገላል፤ ልጁ አልጋ ላይ ሆኖ ጣሪያ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይናደዳሉ። መጀመር ያለበት ከጠዋቱ ነው። ዛሬ በ3 ሰዓት የሚነሣውን ልጅ ነገ ሩብ ጉዳይ ላይ ቀስቅሱት፤ ወዲያው ደጅ አውጡት፣ ዳቦ ላኩት፣ አበባ ውሃ ያጠጣ፣ ፀሐይዋ ሳትከርር ትንሽ ይጫወት። በማግስቱ ሌላ ሩብ ሰዓት። ጠዋት ቀድሞ የተነሣ ልጅ ማታ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል። በቀን ሩብ ሰዓት ብትሉት ሦስቱ ሰዓት 12 ቀን ይፈጃል። ጳጉሜን ደግሞ 5 ቀን ብቻ ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ነው 6 የምትሆነው። «ጳጉሜን ላይ እናስተካክላለን» የሚል ወላጅ ጊዜው አይበቃውም። አሁን ነሐሴ ሳያልቅ ከጀመርን ግን ሦስት ሳምንት ያህል በእጃችን አለ።

ከፍ ያሉት፣ ሰባተኛ ስምንተኛና ከዚያ በላይ ያሉት፣ ትንሽ ይለያሉ። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይዘገያል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ አይመጣልኝም ቢላችሁ እውነቱን ነው። እርሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢተኛ ይበቃል። ስልኩ ግን ከእርሱ ጋር አይተኛ። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ይደረግ፤ የእናንተም እዚያው ይደር፤ የአባቱ ስልክ ትራስ ሥር እያደረ የልጁን መንጠቅ አይሠራም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እንቅልፍ የሚመጣው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ሲል ነው፤ ሙቀት ያፈነው ክፍል ደግሞ ይህን ይከለክላል። ቀን መስኮቱንና መጋረጃውን ዘግታችሁ፣ ፀሐይ ስትገባ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ከመተኛቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ልጁ ገላውን ይታጠብ፤ ለብ ያለ ውሃ ይሻላል፣ በረዶ ውሃ ሰውነቱን ያነቃዋል። ሲሚንቶው ላይ ውሃ እየረጫችሁ የምታቀዘቅዙም አላችሁ፣ እርሱም ይረዳል። ቬንቲሌተር ያለው ቤት መጀመሪያ ለልጁ ያብራለት። ክፍሉ ጨርሶ የማያስተኛ ከሆነ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይተኛ፤ ጎረቤት ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ግን በአጎበር።

አጎበር ላይ ጥቂት ልቆይ፣ መስከረም የትኩሳት ወር ነውና። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደንጊ ትኩሳት ከተማችን ገባ። በ2011 ማብቂያና በ2012 መጀመሪያ፣ ልክ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን፣ ችኩንጉንያ ቤት ለቤት እየዞረ ሰውን በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያስተኛ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በደረቁ ወራት የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ አገኙ። ይህች ትንኝ ወደ አገራችን የገባች እንግዳ ናት፤ በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀብሪደሃር ላይ ነው መጀመሪያ የታየችው። የከተማ ትንኝ ናት። ረግረግ አያስፈልጋትም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ ይበቃታል። እኛ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ሁላችንም በርሜል አለን። ደንጊንና ችኩንጉንያን የምታስተላልፈዋም በዚያው በርሜል ትራባለች፣ የምትነክሰው ግን በቀን ነው፤ ጠዋትና ወደ አመሻሹ ትብሳለች። ስለዚህ በርሜሉ ይከደን፣ በየሳምንቱም ይታጠብ። ቀን የሚተኛ ሕፃን በቀንም አጎበር ይዘርጋለት። በትኩሳት ሁለት ሳምንት የቀረ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉ ላይ የት ቦታ እንደ ቀረ እኔ አውቃለሁ፤ ለመመለስ ወራት ይፈጃል።

የቀን እንቅልፍም አለ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ መተኛት የአየሩ ሕግ ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ይተኛ። ግን ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት፤ ደግሞም ከ9 ሰዓት በፊት ይነሣ። ከ8 ሰዓት እስከ 11 የተኛ ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኛ ማለት የማይሆን ነገር ነው።

«በዓሉስ?» ትሉኛላችሁ። በዓሉን አትንኩት። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ልጆች ዝናብ ሲጠመቁ፣ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ሲሰጡ፣ መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ ያምሹ፤ ልጅነታቸው ነው። እኔ የምጠይቀው ማግስቱን ነው። ባመሸበት ማግስት እስከ እኩለ ቀን አይተኛ፤ ከወትሮው ቢዘገይ አንድ ሰዓት ይዘግይና ይነሣ። የመነሻው ሰዓት ካልተናጋ አንድ ሌሊት ማምሸት ምንም አያደርገውም። ለሙስሊም ቤተሰቦቻችንም ይኸው ነው። የሒጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል፤ አንዳንዴ ዕረፍት ላይ፣ አንዳንዴ ፈተና መሐል ይገባል። በሱሑር የሌሊት ምግብና በተራዊሕ የማታ ሶላት የተለወጠ የልጅ እንቅልፍ ከዒድ በኋላ ለመመለስ ተመሳሳይ ቀናት ይፈልጋል። መምህራን፣ ከዒድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ፈተና አትስጡ፤ እለምናችኋለሁ።

መስቀልን ካነሣሁ ዘንድ በጣም የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይከፈታል፤ ወላጅ ግን «ከመስቀል በኋላ ይጀምራሉ» ብሎ ልጁን ቤት ያስቀራል። ክፍሉ ግማሽ ስለሆነ መምህሩ ትምህርት አይጀምርም። መምህሩ ስላልጀመረ የሄደው ልጅ ተመልሶ መጥቶ «ምንም አልተማርንም» ይላል። እናትየዋም «አላልኩም?» ትላለች። እንዲህ እየተባባልን ጥቅምት ይገባል። ይህን ቋጠሮ ሊፈቱት የሚችሉት በዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። መምህራን፣ በመጀመሪያው ቀን አምስት ልጅ ቢመጣ ለአምስቱ አስተምሩ። ወላጆች፣ በመጀመሪያው ቀን ላኩ። የምዕራፍ አንድ ትምህርት ባይኖር እንኳ ልጁ ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ የመቀመጫውን ጓደኛ አውቆ ይመለሳል። ለትንሽ ልጅ ይህ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የተረፈደበት ጠዋት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ያረፈደ ልጅ ይሮጣል። ድልድይ ዞሮ ከመሄድ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያቋርጣል፣ ባጃጅ መሐል ይገባል። መስከረም ላይ ዝናቡ አላለቀም። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጎርፉ ከላይ ከደንገጎ በኩል፣ ከተራራው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነጥቆናል፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ ያጣ አለ። ልጆቻችን ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ ለእነርሱ ደቻቱ የኳስ ሜዳ ነው። ንገሯቸው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ፣ ላይ ደመና ካለ፣ ቢያረፍዱም በድልድይ ይሂዱ። መምህሩም በዚያ ቀን ያረፈደን ልጅ በር ላይ አያንበርክክ።

ከሁሉ በላይ የምፈልገው ይህንን ቀጣዩን እንድትሰሙኝ ነው፤ ስለ ሴቶች ልጆች። ክረምት ሲገባ ሴቷ ልጅ ቤት ትውላለች፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ እርሷ ይመጣል። እንጀራው፣ ልብሱ፣ ታናሿን መያዝ፣ የበዓሉ ሽንኩርት። በዕረፍት ጊዜ ማገዟ ጥሩ ነው፣ ወንድሟም ቢያግዝ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። መስከረም ሲመጣ ግን ሥራው ከትከሻዋ አይወርድም። ትምህርቱ ይጨመርባታል እንጂ። ውሃ በሌሊት 8 ሰዓት በሚመጣበት ሰፈር ተነሥታ በርሜል የምትሞላው ማን ናት? ራሳችሁ መልሱልኝ። በየቤቱ ያለችው የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ወንድሟ ተኝቶ ያድራል። ጠዋት ሁለቱም እኩል ይመጣሉ፣ ከዚያ በኋላ እርሷ ሰባተኛ ክፍል ላይ ውጤቷ ሲወርድ «ሴት ልጅ ስታድግ ሐሳቧ ይበተናል» እንላለን። ሐሳቧን የበተነው የሌሊት ውሃ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሲል ቱቶሪያል ከምትከፍሉ፣ ከአሁኑ እንቅልፏን መልሱላት። ውሃው ተራ ይውጣለት፤ አንድ ሌሊት አባት፣ አንድ ሌሊት ወንድም፣ አንድ ሌሊት እናት። በትምህርት ቀን ሌሊት እርሷ አትነሣ። ሥራውን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ማን ስንት እንደሚሠራ ሲጻፍ ሁሉም ያያል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። በመስከረም ዋዜማ ባልና ሚስት በወጪ ይነጋገራሉ፤ ድምፅ ከፍ ማለቱም ያለ ነው። ልጁ ተኝቷል ብላችሁ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ «የዚህ ልጅ ክፍያ ገደለኝ» አትበሉ። አልተኛም፣ ይሰማል። ራሱን እንደ ዕዳ የቆጠረ ልጅ ደብተር ሲያልቅበት እንኳ አይናገርም፤ ጀርባው ላይ፣ ሽፋኑ ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ደብተሮችን አርሜአለሁ።

በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ቤታችሁ ይከብዳል። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፤ አልጋው ደግሞ አንድ። ቀላሉ መንገድ ሁለቱንም በጠዋቱ ልጅ ሰዓት ማስተኛትና ማስነሣት ነው። የከሰዓቱ ልጅ ጠዋቱን ያጥና፤ ድሬ ላይ ጭንቅላት የሚሠራው እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይገባል። የፈረቃው ሳምንት ሲለዋወጥ እንቅልፉ አብሮ አይለዋወጥም።

ስብሰባው ሳይጀመር አንዲት እናት በር ላይ ይዘውኝ ነበር። ማታ ማታ ሳምቡሳ ይሸጣሉ። «ቤት የምገባው በ4 ሰዓት ነው፤ ልጄ እኔን ሳያይ አይተኛም፣ እኔም እርሱን ሳላይ መተኛት አልችልም። ምን ላድርግ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከያዝኩት ወረቀት ሁሉ ይከብዳል። ለእርሳቸው ያልኳቸውን ለሁላችሁም ልድገመው። ልጁ ይተኛ፤ አብሮ መሆኑ ወደ ጠዋት ይዛወር። 12 ሰዓት ላይ እርሳቸው ይቀስቅሱት፤ ሻዩን አብረው ይጠጡ፣ የትናንቱን ይንገራቸው፣ ደብተሩን ያሳያቸው። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። እስኪለምደው ድረስ ያሉት ሌሊቶች ይከብዳሉ፤ ማታ የሚያስተኛው ሰው ያስፈልጋል። አያት ካሉ አያት፣ ከሌሉ ጎረቤት። እዚሁ ከመካከላችሁ የእርሳቸው ጎረቤት የሆናችሁ አላችሁ፤ በየግቢያችሁ በምሽት የሚሠሩ እናቶችን ልጆች ከእናንተ ልጆች ጋር በ3 ሰዓት ማስተኛት ትችሉ እንደሆነ ዛሬውኑ፣ ከዚህ ሳትወጡ ተነጋገሩ።

እኔ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃኛል። እዚያ ከኋላ እጅ አይቻለሁ፤ አባቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ።